ምርቃት የተከለከለበት ግቢ

አንደበት በመመሪያ ይታረማል፤ ልብም የታረመውን አንደበት እንደ ገራም በቅሎ ይከተለዋል። ይህን የሚጠራጠር ቢኖር፣ በዳንግላና በቆሰበር መካከል፣ ካርታ ሠሪዎች በረሱት አንድ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ሰምቶ ይመን።

የተማሪዎች ዲን የነበሩት ዶክተር አንዳርጋቸው ስድብን አምርረው የሚጠሉ ሰው ነበሩ። ተማሪን «ድንጋይ» ሲሉ እንኳ መሳደባቸው አልነበረም፤ መገምገማቸው ነበር። የምክትል ፕሬዚዳንቱ ወንበር ባዶ ስለ ነበረና ወንበሩም ወደ እርሳቸው ዘንበል ያለ ስለ መሰላቸው፣ ተማሪዎች ለምን እንደሚሳደቡ የሚመረምር ታላቅ ስብሰባ ጠሩ።

«ዶክተር፣» አለች የተማሪዎች ተወካይዋ ቤዛዊት፣ «መኝታ ክፍላችን ውሃ ካየ ሰነበተ። ባልዲ ይዞ የተሰለፈ ሰው ተራውን ሲቀሙት መዝሙር አይዘምርም።»

«ከአጀንዳ ውጭ ነው! የምንመረምረው አፍን እንጂ ቧንቧን አይደለም።»

«አፋችንም እኮ ደርቋል።»

«ተቀመጪ፣ አንቺ ድንጋይ!» ተብላ ተገመገመች።

በጥልቅ ጥናትም የስድብ መንሥኤ የምርቃት እጥረት መሆኑ ተደረሰበት። መመሪያ ወጣ፦ የተናደደ ተማሪ ሁሉ በስድብ ፈንታ ይመርቅ።

ፍሬው ውሎ ሳያድር ታየ። በምግብ ሰልፍ ላይ ተራ የዘለለ ሁሉ «ዕድሜ ይስጥህ!» ይባል ጀመር።

«ማንን ነው ዕድሜ ይስጥህ የምትለው?»

«አንተን ነዋ! ከነቤተሰብህ ተባረክ!»

«ቤተሰቤን እንዳትነካ!»

አንገት ለአንገት ተያያዙ። ጥበቡ ከግቢው አልፎ ቆሰበር ደረሰ፤ የባጃጅ ሾፌሮችም በየመታጠፊያው «ደግመህ መርቀኝና ጥርስህን ባላረግፈው!» ይባባሉ ጀመር።

ዶክተሩ ግን ደስታቸው ወደር አልነበረውም። ባለፉበት ሁሉ «ከፍ ያድርግዎ፣ ዶክተር!» ይጎርፋል፤ እርሳቸውም ያንን ባዶ ወንበር እያሰቡ «አሜን» ይላሉ። አንድ ቀን ግን ከአሜናቸው ኋላ ሳቅ ሰሙና ቤዛዊትን አስጠሯት።

«‹ከፍ ያድርግዎ› ምን ማለት ነው?»

«ምርቃት ነው።»

«እውነቱን ተናገሪ!»

«ያው… ከእኛ ላይ ያንሣልን ለማለት ነው።»

«ወዴት ነው የሚያነሣኝ?»

«እሱን ለፈጣሪ ነው የተውነው፣ ዶክተር።»

በማግስቱ ሁለተኛው መመሪያ ወጣ፦ በግቢው ውስጥ መመረቅ በጥብቅ የተከለከለ ነው።

ዶክተሩ ለመመሪያቸው ክብር ያዘጋጁት የመልካም አንደበት በዓል ቀን ደረሰ። ፕሬዚዳንቱ የዶክተሩን ሹመት ሊያበሥሩ ከመድረኩ ተቀምጠዋል። በዓሉን እንዲከፍቱ የተጋበዙት ደግሞ አገር የሚያከብራቸው የዘንገና ሐይቅ አካባቢ ገበሬ አያ ይኸነው ነበሩ። ፈረሳቸውን በር ላይ አስረው ገቡ፤ መመሪያው እርሳቸው ዘንድ አልደረሰም። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጄ አንዳርጋቸው፣ ዕድሜ ይስጥህ። ከነቤተሰብህ ተባረክ። ከፍ፣ ከፍ ያድርግህ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሩ ማይክሮፎኑን ነጠቁ።

«አንተ ድንጋይ ሽማግሌ! ማን ነው ይህን ያስጠናህ?»

ድምፅ ማጉያው ቃሉን ገበያው ድረስ አደረሰው። ሳቁ ቀጥ አለ። አያ ይኸነው የዘረጉትን እጃቸውን ቀስ አድርገው አወረዱ።

«ልጄ፣» አሉ፣ «በአገውኛ ልድገመው? ምናልባት በአማርኛ አበላሽቼው እንደ ሆነ።»

ከአዳራሹም ወጥተው ፈረሳቸውን ፈትተው ሄዱ።

ሹመቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ዶክተሩም እንደ አገሩ የይቅርታ ወግ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ዘንገና ድረስ ወጡና ከሽማግሌው እግር ሥር ተደፉ። እንዲህ ያለ ከባድ ግምገማ በዕድሜያቸው ገጥሟቸው አያውቅም። አያ ይኸነው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱላቸው፤ ከልባቸውም «ከፍ ያድርግህ» አሏቸው። ዶክተሩ ቀና ብለው የሽማግሌውን ፊት መረመሩ፤ የሳቅ ምልክት አጡበት። ቢሆንም «አሜን» ለማለት አፋቸው እምቢ አላቸው።

ቅጣታቸው ይህ ነው፦ ከዲንነታቸው ተሽረው የውሃ ክፍል ኃላፊ ተደርገዋል። ቧንቧው ዛሬም ደረቅ ነው። ምርቃትን የከለከለው መመሪያ ግን ተሽሯልና፣ ተማሪዎች በየማለዳው ባልዲ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው በቢሯቸው በር ላይ ይሰለፋሉ፤ ተራቸውንም እየጠበቁ፣ አንድ በአንድ፣ በፍጹም ጨዋነት ይመርቋቸዋል።