የምን አገባቸው ውሃ

በየሰፈሩ የራሱን ቤት ትቶ የሰው ውሻ ጥማት እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ሰው አለ። የለም የሚለኝ ካለ፣ ወይ ውሻ የለውም ወይ ጎረቤት የለውም። በጃንሆይ ጊዜ፣ ቢቸና ላይ፣ ለእኛ ሰፈር የደረሱን መሪጌታ ወልደ ሰንበት ነበሩ፤ የዜማ ሊቅ፣ የቅኔ ባለቤት፣ የውሾች ሁሉ የውሃ አዛዥ።

ሰላምታቸው እንኳ «እንዴት አደራችሁ? ውሻውስ ጠጣ?» ነው። ታምሜ ተኝቼ ሊጠይቁኝ ሲመጡ፣ «እግዜር ይማርህ» ከማለታቸው በፊት ጎንበስ ብለው የውሻዬን የውሃ ገል አይተው ነው የገቡት። አንድ ጊዜማ ልቅሶ ቤት ፍትሐት አድርሰው ሲወጡ፣ ለባለ ሐዘኑ ቀስ ብለው፣ «እግዜር ያጽናችሁ፤ ግቢ ያለው ውሻ ግን ምላሱን አውጥቷል» አሉት። በጆሮዬ ሰምቻለሁ!

አተላ የምታጠጣ ካገኙ ወዮላት! «ሰካራም ቤት ይጠብቃል?» ይሏታል። ውሃውን ፀሐይ ላይ ያስቀመጠም አያመልጣቸውም። «አንተ የሞቀ ውሃ ትጠጣለህ? ጥላ ሥር አድርገው!»

ባለቤቴን ፈንታነሽን መረራት። በጋ ነው፣ ምንጩ ሩቅ ነው። «መሪጌታ፣ እንስራው የሚያጎብጠው እኮ የእኔን ወገብ ነው!» አለቻቸው።

«እግዜር ወገብሽን ያጽናው፤ እስቲ ትንሽ ጨምሪለት» አሏት።

በነጋታው የውሻችንን ስም ለወጠችው። በእኛ አገር ለጎረቤት ፊት ለፊት የማይባል ነገር በውሻ ስም ይባላል። መሪጌታ በአጥራችን ሥር ባለፉ ቁጥር፣ «ና! ምን አገባቸው! ምን አገባቸው!» እያለች ትጣራ ጀመር። እኔ በእፍረት መግቢያ አጣሁ። እሳቸው ቆም ብለው፣ «ጥሩ ስም ነው» አሉ። «ጠጣ?»

ሚያዝያ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ውሻችን ምን አገባቸው ከብት ተራ ሲሯሯጥ ውሎ ለሃጩን እያዝረበረበ፣ እየተንገዳገደ መጣ። አንዱ «ያበደ ውሻ!» ብሎ ጮኸ። በቃ፣ ዱላና ድንጋይ የያዘ ሰው ግቢያችንን ሞላው። የሰፈሩ ጸጥታ ጠባቂ፣ ነጭ ለባሹ ፋንታ፣ ጠመንጃውን አቀባበለ። ፈንታነሽ ስሙን እየጠራች ውሻው ላይ ልትወድቅ ስትል እኔ ያዝኳት።

«ያበደ ውሻ ውሃ ይፈራል፤ በውሃ ይፈተን» አሉ አንድ ሽማግሌ። ገሉን በእንጨት ገፍተው አቀረቡለት። አሸተተና ፊቱን አዞረ።

«አላልንም!» አለ ሕዝቡ። ፋንታ አነጣጠረ።

ይኼኔ መሪጌታ ጋቢያቸው መሬት እየተጎተተ ደረሱ። ጠመንጃውን ዞር ብለውም አላዩት። በቀጥታ ሄደው ጣታቸውን ገሉ ውስጥ ነከሩ።

«ይህ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ የዋለ ነው! እኔም ብሆን አልጠጣውም!» ብለው ደፉት። «ፈንታነሽ! ከእንስራው ቅጂልኝ!»

ቀዝቃዛውን ውሃ በመዳፋቸው ተቀበሉ። ያን ነገ ማኅሌት ላይ ጸናጽል የሚይዘውን፣ ውሻ ነካው ቢባል ደብሩ ሁሉ የሚያማቸውን እጅ፣ ለዚያ ለሚያስፈራ አፍ ዘረጉለት።

«ጠጣ እንጂ፣ ምን አገባቸው!» አሉት።

መዳፋቸው እስኪደርቅ ላሰው። ደግሞም ጨምሩልኝ አለ። ፋንታ ጠመንጃውን አወረደ፤ ፈንታነሽ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አልቅሻለሁ፤ አቧራ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት።

በማግስቱ መሪጌታ በአጥራችን ሥር ሲያልፉ፣ ፈንታነሽ ከወትሮው ድምጿን ከፍ አድርጋ ተጣራች፤

«ና! ያገባቸዋል! ያገባቸዋል!»

ውሻው አዲሱን ስሙን ስላላወቀው ንቅንቅ አላለም። መሪጌታ ግን ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ያ ሁሉ ቅኔ የሚወርድላቸው ሰውዬ በመጨረሻ፣ «ጥሩ ስም ነው» አሉ። «ጠጣ?»

«አባቴ፣ ገብተው ይዩት እንጂ!» አለች ፈንታነሽ።

ሮጬ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ።