የግራዝማች ደምሴ ደም

በደሙ የሚኮራን ሰው ደሙ እስኪጎድል ድረስ አትከራከሩት፤ ከንቱ ድካም ነው! እኔ ስድስት ዓመት ተከራክሬ ያተረፍኩት የጨጓራ ሕመም ብቻ ነው።

አማቴ ግራዝማች ደምሴ በንፋስ መውጫ የታወቁ ባለ ርስት ናቸው። እኔ ደግሞ የሸማኔ ልጅ፣ የተማሪ ቤት አስተማሪ። ልጃቸውን ሳገባ ሠርጉ መሐል ቆመው «ደማችን ዛሬ ተበረዘ!» ያሉ ሰው ናቸው። እኔ እንኳ በዚያ ሠርግ ከጠጁ በቀር የተበረዘ ነገር አላየሁም!

ባለፈው ጥቅምት ከዘመድ አዝማድ ጋር ወደ ደብረ ታቦር ስንጓዝ ከተማው አቅራቢያ ከበቅሎ ወድቀው ሹል ጉቶ ጭናቸውን ዘነጠለው። በቃሬዛ ተሸክመን እዚያው ሐኪም ዘንድ ስናደርሳቸው ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አሁኑኑ ደም ካልተሰጣቸው አይተርፉም» አለ ሐኪሙ።

ያ ሁሉ ባለ ደም ዘመድ ተጠራ። አንዱ ወገቡን ያዘ። አንዱ «ጾም ላይ ነኝ» አለ። ሌላው በቅሎ ሊያጠጣ ወጥቶ እዚያው ቀረ! ቢመረመር የኔው ደም ተስማማ።

«የሸማኔ ደም?» አሉ ግራዝማች ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ፈረንጆች ደም በብልቃጥ እየሠሩ ነው ብለህ ከጋዜጣ ያነበብክልኝ አንተው አይደለህም? እሱን አምጡልኝ! ዘር የለው፣ አጥንት የለው…»

«እሱ ገና ሙከራ ላይ ነው፤ የሚሞክሩትም በአይጥ ነው» አለ ሐኪሙ።

«ከሸማኔ አይጥ ይሻላል!»

እስቲ ፍረዱኝ! ክንዴን ገልጬ የተጋደምኩት እኮ እኔ ነኝ። ጥዬ ልወጣ ቃጣኝ፤ ግን ሚስቴ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ደግነቱ ግራዝማች ራሳቸውን ሳቱ። ሐኪሙ ሚስቴን አየት አደረገ፤ እሷም ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፤ ደሜ ገባ።

በሳምንቱ ቀና ብለው ተቀመጡ። ምስጋና ጠበቅሁ… አይ የኔ ነገር! አገራቸው እንደገቡ የነፍስ አባታቸውን አስጠሩ።

«አባ፣ የዚህ ሰው ደም በሥሬ እየዞረ ነው። እንግዲህ የሥጋ ዘመዴ ሆኗል። ታዲያ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ከልጄ ጋር መኖሩ ነውር አይደለም? ይፋቱ!»

አያችሁ? ስድስት ዓመት ያጡትን ሰበብ በገዛ ደሜ አገኙት!

አባ ጢማቸውን እያሻሹ ጥቂት አሰቡ።

«ግራዝማች፣ ከልጅነትዎ ጀምሮ የላም ወተት ይጠጡ ነበር?»

«እንዴታ! በሱ አይደል ያደግሁት?»

«እንግዲያውስ ከጥጃዎቹ ጋር ወንድማማቾች ናችሁ። መጀመሪያ ርስቱን ያካፍሏቸውና የፍቺውን ነገር ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»