ሣር ማጨጃዬ የተነሳ ዕለት

ዲላ ውስጥ ጎረቤቶቻችሁን በሙሉ በአንድ ቀን ማየት ከፈለጋችሁ መታመም አያስፈልጋችሁም። ድግስም አትደግሱ። የማይነሳ ሞተር ግቢያችሁ መሀል አስቀምጡና ገመዱን ደጋግማችሁ ሳቡ። በቃ። የመጣው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ "እስቲ እኔ ልሞክረው" ይላል። ጨው ልበደር ብላ የመጣች ጎረቤቴ እንኳ ሳትስብ አልሄደችም።

የምን ሞተር አትሉኝም? የሣር ማጨጃ። አዎ፣ ሣር ማጨጃ ማሽን ነበረኝ። አትሳቁ። ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ አንድ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ይሸጥ ነበር። ሰው በፍሪጅና በቁም ሳጥን ሲሻማ እኔ ማጨጃውን እየገፋሁ ወጣሁ። ባለቤቴ ሽፈራው መንገድ ለመንገድ እንደማያውቀኝ ሰው ራቅ ብሎ ነበር የሚከተለኝ።

ምን ላድርግ፣ ሣሬን እወዳታለሁ። ከሳሎናችን እምብዛም አትሰፋም፤ ግን የኔ ናት። ሥራዬ ቡና ቅምሻ ነው። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በማንኪያ ፉት እያልኩ እተፋለሁ። አፍንጫዬ ለሰው ቡና ሲያገለግል ይውላል። ከሥራ ስወጣ ጫማዬን አውልቄ እዚያች ሣር ላይ በጀርባዬ ካልተንጋለልኩ ቤት የገባሁ አይመስለኝም።

አማቴ ግን ይርጋጨፌ አጠገብ የዱመርሶ ሰው ናቸው። እዚያ ዛፉ ሥር ቡና አለ፣ ቡናው ጎን እንሰት አለ፣ እንሰቱ ሥር ጎመን አለ። መሬት ሥራ ፈትቶ ካዩ ለቅሶ ቤት የገቡ ያህል ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ሣሬን መጀመሪያ ያዩ ቀን ዝም ብለው ዞሯት። ከዚያ "ልጄ፣ ይሄ መሬት አሞታል እንዴ?" አሉኝ። አይ እማዬ፣ ለማረፊያ ነው አልኳቸው። "ላም የለህ፣ በግ የለህ። ሣሩን ማን ይበላል?" አሉ። እማዬ አማርኛ ሲያወሩ ሁላችንም ወንዶች ነን፤ ለምጄዋለሁ።

ታዲያ ባለፈው የዝናብ ወቅት እማዬ ሚኒባስ ጣራ ላይ የእንሰት ችግኝ አስጭነው ከች አሉ። ሣሬ በዚያን ሰሞን ጉልበቴ ደርሳ ነበር። ማጨጃው በጋውን ሙሉ ቆሞ ከርሞ አልነሳ ብሎኛል። እማዬ ችግኙን ግድግዳዬ ላይ አስደገፉና ፍርዳቸውን ሰጡ። "ማሽኑ እስከ ቅዳሜ ከተነሳ ሣሩ ይቀመጥ። ካልተነሳ መሬቱን ለኔ ስጠኝ።" በቀን ሠራተኛ አሳጭደዋለሁ ብላቸው፣ ሰው ከፍሎ ለማንም የማይሆን ሣር ያሳጭዳል ወይ ብለው ሽፈራውን ጠየቁት። ሽፈራው ጣራውን አየ። እኔም በንዴት "እሺ እማዬ፣ ይሁን" አልኩ። ንዴት መቼም ጥሩ አማካሪ ሆኖ አያውቅም።

ተመስገን የሚባል ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤት አለን፤ ሕክምናውን የጀመረው እሱ ነው። ካንዴላ ነው አለ። ፈታው፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተገው፣ ብረት ላይ አስነክቶ ገመዱን ሲስብ እሳቷ ብልጭ አለች። "እሳት አለው እኮ፣ እትዬ" አለኝ ቅር ብሎት። ሌላው መጥቶ የአየር ማጣሪያው፣ ፊልትሮው ነው አለ። ከፈትነው፤ እውነትም ደረቅ ሣር ጠቅጥቆታል። በሳሙና አጥቤ አደረቅሁት። አልተነሳም። ሬኮ የሚባል ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚሠራ አንድ ዘመዳችን፣ እኛ ጋ ሞተር ሲያኮርፍ ፍል ውሃ ነው የምናፈስበት አለ። አፈሰሰበት። አንዱ ደግሞ ገልብጡት ብሎ አስገለበጠና ዘይቱ ሁሉ ግቢው ላይ ፈሰሰ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ? አዲስ ዘይት ጨመርን። ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች።

ቤንዚኑን የጠረጠረ ሰው አልነበረም። እንዴት ይጠረጠራል? በዚህ ዘመን ቤንዚን እንዴት እንደሚገኝ ታውቁታላችሁ። ሽፈራው ከበጋው በፊት ለዚያች አንድ ጄሪካን ሙሉ ቀን ተሰልፎ፣ ፀሐይም ዝናብም ተፈራርቀውበት ነው ያመጣት። አምጥቶም ጓዳ ከጀንፈሉ ኋላ ደበቃት። ጀንፈል ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ነው። በእነ ሽፈራው ቤት ጀንፈል ተቻኩሎ አይሸጥም። ሠርግ እስኪመጣ፣ ዋጋ እስኪወጣ ጓዳ ይጠብቃል። "የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል" ይላል ሽፈራው ጆንያውን መታ መታ እያደረገ። ቤንዚኗንም በዚያው ልብ አስቀመጣት። ወደ ማጨጃው ስትቀዳ እንኳ እንደ መድኃኒት ነበር የሚሰፍራት።

ቅዳሜ ደረሰ። እማዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ዶማ ይዘው፣ ሣሬ ዳር ቆመው የጉድጓዱን ቦታ ይለካሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንባዬ መጣ። ለሣር ይለቀሳል እንዴ ትሉ ይሆናል። እኔ አለቀስኩ። እንባዬን እንዳያዩብኝ ማጨጃው ላይ አጎነበስኩና ሥራ ያለኝ ለመምሰል የቤንዚኑን ክዳን ከፈትኩ።

ሽታው መጣ። እኔ ደግሞ ሽታ ሲመጣ ዝም ብዬ አላልፍም፤ እንጀራዬ ነው። የዘንድሮ ቡና ውስጥ የከረመ ቡና ቢቀላቀል ማንኪያው አፌ ሳይደርስ አውቀዋለሁ። ትኩስነቱ ሄዶ ጆንያ ጆንያ ይላል። ይሄም እንደዚያው ነበር። ቤንዚን አፍንጫ መውጋት አለበት። ይሄ ግን ቆርቆሮ ውስጥ የተረሳ አሮጌ ቀለም ይሸታል።

"ሽፌ፣ ቤንዚኑ አርጅቷል" አልኩት።

ሽፈራው የጂኦግራፊ መምህር ነው። እንደዚያን ቀን ተቆጥቶ አላየሁትም። መሬት ሥር ስንት ሚሊዮን ዓመት ቆይቶ ያልተበላሸ ነገር እኔ ጓዳ ገብቶ ነው የሚበላሸው አለ።

"መሬት ሥር የነበረው ድፍድፍ ነው፣ ቤንዚን አይደለም። አንተው አይደለህ የምታስተምረው?" አልኩት።

 ተመስገንን ዞር ብዬ አየሁት። የፈለግሁት ገብቶታል። ነዳጅ በጠፋበት ጊዜ ባጃጁን አስጠግቶ በቀጭን ላስቲክ አንድ ጠርሙስ ቀዳልኝ። እግዜር ይስጠው፤ እያንዳንዷን ጠብታ ግን ይቆጥር ነበር። አሮጌውን ደፋነው። የካርቡሬተሩን ታችኛውን ጽዋ ስንፈታው ውስጡ ቢጫ ሙጫ ይዟል። ቤንዚን የምታልፍበት የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ ጭራሽ ተደፍናለች። ከኤሌክትሪክ ሽቦ አንድ ክር መዝዤ ወጋ ወጋ አደረግኋት። በብርሃን አየኋት፤ ተከፍታለች። ገጠምን። አዲሱን ቤንዚን ሞላን።

ወንዶቹ በሙሉ ገመዱን ሊስቡ እጃቸውን ዘረጉ። ማንም አይነካም አልኩ። ሳብኩ። ምንም የለም። ከኋላዬ የእማዬ ዶማ መሬት ሲመታ ሰማሁ፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ መሆኑ ነው። ደግሜ ሳብኩ፤ ሳል አደረገውና ነጭ ጭስ ተፋ። ያለ የሌለ ኃይሌን ሰብስቤ ሳብኩት።

ተነሳ! ዶሮው ተበተነ፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ሽፈራው እልል ብለሻል ይላል፤ እኔ አላስታውስም። ማጨጃዬን ይዤ ሣሬ መሀል ገባሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ስሄድ እያጨድኩ፣ ስመለስ እያጨድኩ፣ በጎረቤቶቼ ፊት ቀና ብዬ ተመላለስኩ። የእማዬን ጉድጓድ በእግሬ ደፍኜ አለፍኩ። እማዬ ዶማቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን ከማሽኑ ላይ አልነቀሉም።

ከዚያ መጥተው "ስጠኝ" አሉ። እጀታውን ሰጠኋቸው። ገፉት። እየሳቁ ገፉት፤ እማዬ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ሽቅብ ይገፋል ወይ አሉኝ። እንዴታ አልኩ። ነዳጅ ያበዛል? ምኑን፣ ጠብታ ነው አልኩ። ሴት ይችለዋል? እኔ ችዬው የለም ወይ አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ድል ሰውን ለካ ሻጭ ያደርገዋል።

እማዬ ሞተሩን ራሳቸው አጠፉና ተቀመጡ። የዱመርሶ ቤተ ክርስቲያናቸው ግቢ ሰፊ እንደሆነ፣ ሴቶቹ በየተራ በማጭድ እንደሚያጭዱት፣ አብዛኞቹም አሮጊቶች እንደሆኑ ነገሩኝ። "ወገባችን አለቀ፣ ልጄ" አሉ። ቀጥለውም "ለእግዚአብሔር ቤት ነው" አሉ።

እስቲ ለእግዚአብሔር ቤት እምቢ ይባላል? ሰኞ ጠዋት ማጨጃዬ ሚኒባስ ጣራ ላይ ወጣ። ገመዱን አጥብቆ ያሰረው ሽፈራው ነው፤ ፊቱም ላይ ብዙ ሐዘን አላየሁም።

በሳምንቱ እማዬ ደወሉ። ሞተሩ እየጮኸ፣ ሴቶቹ ከኋላ እየሳቁ፣ ስልኩን ወደ ማሽኑ አስጠግተው ድምፁን አሰሙኝ። ቅዳሜ ከኮራሁት ይልቅ ያኔ ኮራሁ። አሸንፌያለሁ፤ ሣሬም አለች፣ ማሽኑም ይሠራል። ብቻ ምክሬን ስሙ፦ የማይነሳ ማሽን ካላችሁ ደጋግማችሁ አስቡበት። እስካልተነሳ ድረስ የባለቤቱ ነው፤ ከተነሳ በኋላ የዘመድ ነው።

ሣሬ ደግሞ ማደጓን አላቆመችም። ትናንት ከይርጋጨፌ የመጣ የሚኒባስ ረዳት በጨርቅ የተጠቀለለ ዕቃ አቀበለኝ። ብፈታው የእማዬ ማጭድ ነው፤ ለእሳቸው ሥራ ፈትቷላ። መልእክትም ልከዋል። ይሄ ገመድ የለውም፣ ቤንዚን አይጠጣም፣ ጠዋት ስትነሳ አብሮህ ይነሳል ብለዋል።