ቤቱን የሸጥኩት ለሷ ነው

ምክርና ቡጢ ለሰጪው ይቀላል ይባላል። ይህን የተናገረው ሰው፣ መቼም ወይ እርጉዝ የነበረ ነው፣ ወይ እርጉዝ አጠገብ የኖረ። በእኛ ዘንድ ማንም ከመሬት ተነስቶ የሚያዛቸው ሁለት ፍጥረቶች አሉ። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሌላው ተከራይ። ነፍሰ ጡሯን መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ፣ ስሟን ሳያውቅ፣ «ከባድ አታንሺ፣ ቀዝቃዛ አትጠጪ፣ በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው?» ይላታል። ተከራዩን ደግሞ አከራዩ «መብራት አጥፋ፣ እንግዳ አታብዛ፣ በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋ» ይለዋል። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው «እሺ» ይላሉ። እኔ፣ ነገሌ ቦረና ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ነበርኩ።

«እሺ» ማለት የሰለቸኝም ያኔ ነው።

አከራያችን ክፉ ሴት እንዳይመስሏችሁ። ነገሌን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ውሃ በአህያ ጋሪ፣ በጀሪካን የሚመጣ ነገር ነው፤ ሲጠፋም ይጠፋል። ሆዴ ከቀሚሴ አልፎ መታየት ሲጀምር ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ እግዜር በሰላም ይገላግልሽ። የአራስ ልብስ ግን ውሃ ይፈጃል። ከአሁኑ ሌላ ቤት ብታፈላልጉ ጥሩ ነው» አሉኝ። በአንድ ትንፋሽ መርቀው አስወጡኝ።

ባለቤቴ ተካ ገበያው ዳር የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ቤተሰቡ ከጉራጌ አገር ነው። ደግ ሰው ነው፤ ጠብ ካየ ግን በሌላ መንገድ ዞሮ የሚሄድ ዓይነት። ነገሩን ስነግረው ትንሽ አሰበና፣ «እማማ ጋ ሄደሽ ውለጂ። ልጁ ጠና ሲል ትመጫለሽ፤ እኔም እስከዚያ ቤት እፈልጋለሁ» አለኝ።

«እኔ እህል ነኝ ጎተራ የምትከተኝ?» አልኩት።

እናቴ በልጅነቴ ነው የሞተችው። እዚሁ ቦረና፣ ሜጋ ከተማ ያሳደገኝ፣ የክሊኒክ ሠራተኛ የነበረው አባቴ ነው። ስለዚህ «እናቷ ቤት ሄዳ ትውለድ» የሚባለው ወግ እኔ ዘንድ ሲደርስ «የባሏ እናት ቤት» ሆኖ ነው የሚተረጎመው። አማቴን አከብራቸዋለሁ። ማክበር ሌላ፣ በሰው ማጀት አራስ ሆኖ መተኛት ሌላ።

እኔ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ ቀን ለምርመራ የመጡ ባልቴት፣ ልጃቸው ወደምትኖርበት አሬሮ ልትወስዳቸው እንደሆነና ቤታቸውን እንደሚሸጡ ለጎናቸው ሰው ሲያወሩ ሰማሁ። አዴ ዳርሚ ይባላሉ፤ «አዴ» በኦሮምኛ እንደኛ «እትዬ» ነው። የዚያኑ ቀን ማታ ተካን እጁን ይዤ ወሰድኩት።

ቤቱ ከተማው አልቆ ግራሩ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ የአፈር ወለል። የውስጠኛው ክፍል በር የለውም። በአጥሩ ላይ የጎረቤት ግመል አንገቱን አስግጎ፣ ገዢዎቹ እነዚህ ናቸው? በሚል ዓይን ያየናል። ተካ ግድግዳውን አንኳኳ፣ ጣሪያውን አየ፣ ፊቱን አኮሳተረ፣ ለክርክር ጉሮሮውን ጠረገ። አዴ ዳርሚ በትከሻው ላይ አሻግረው እኔን ያዩኛል።

«አካም፣ ናጋ? አንቺ ነሽ ምትገቢበት?»

«እኔ ነኝ፣ አዴ።»

«እንግዲያ ካንቺ ጋር ነው ምነጋገር። በኛ በቦረና ቤት ምትሠራ ሴት ናት፤ ቤቱም የሷ ነው። ወንድ እንግዳ ነው፤ ደጅ ቆሞ ነው ናጋ፣ ሰላም ነው ወይ ሚል።»

ተካ በነጋዴነት ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሌሎች በዋጋ ሲከራከሩ ቆሞ አዳመጠ። በኦሮምኛ ተከራከርን፤ በኦሮምኛ ተስማማን። እሱ ከፋይ ብቻ ሆነ።

ከዚያማ ምክሩ ዘነበ። ነፍሰ ጡር ያላለቀ ቤት አትገባም፤ ወሯ የገባ ሴት ዕቃ አታጓጉዝም፤ ከዳር ከተማ ጅብ አለ፤ መጀመሪያ ውለጂ። የቤተ ክርስቲያናችን እህቶች መጥተው ጸለዩልኝ፤ ከ«አሜን» በኋላ ግን እነሱም መከሩኝ። እኔ ቅዳሜ እገባለሁ አልኩ። ተካ እኔን ፊት ለፊት መከልከል ስለማይችል፣ በጓዳ ስልክ አንስቶ እናቱን ጠራ።

አማቴ ሁለት ቀን አውቶብስ ላይ ተንገላትተው፣ ቆጮ በኮባ፣ ቅቤ በቅል ይዘው አርብ ከች አሉ። አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ ጀመሩ።

«ከኔ ጋር ትሄጃለሽ። በሰው አገር አራስ አይተኛም።»

«እማማ፣ የሰው አገር አይደለም። እዚሁ ቦረና ነው ያደግኩት።»

«አገርሽ ከሆነ ታዲያ እስከዛሬ ቤትሽ የታለ?»

መልሱን በማግስቱ ጋሪ ላይ ጫንኩት።

ድስቱ ተጫነ፣ ወንበሩ ተጫነ፣ ሳጥኑ ተጫነ። ፍራሹ ሲቀር አማቴ ሄደው፣ አከራያችን ግቢ መሃል፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ላዩ ላይ ቁጭ አሉ። «እስቲ ያለ ፍራሽ የት እንደምትተኚ አያለሁ» አሉ። አከራያችን በመስኮት፣ ተካ በበሩ መቃን፣ ባለጋሪው በአህያው ጆሮ በኩል ያዩኛል። ማልቀስ አሰኝቶኝ ነበር። ፈርቼም ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ሆዴ ውስጥ ያለችው ግን በእግሯ አንድ ጊዜ ጠለዘችኝ። እንደ ድጋፍ ቆጠርኩት።

«ይቀመጡበት እማማ፤ ለእርስዎም ማረፊያ ያስፈልግዎታል» ብዬ ጋሪው ላይ ወጣሁ።

እንዲህ ሆኜ ነገሌን አቋረጥኩ፤ በድስትና በወንበር መሃል፣ ሆዴን አቅፌ፣ ቀይ አቧራ ለብሼ። ያየኝ ሁሉ ቆሞ መከረ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር «እህቴ፣ ቀስ በይ!» አለኝ። ለአህያው ንገረው አልኩት።

አዴ ዳርሚ ጓዛቸውን አስረው ደጃፉ ላይ እየጠበቁኝ ነበር። ቤት ባዶውን አይሰጥም ብለው፣ ወተት በጮጮ አስቀምጠውልኛል። ጠጥቼ ሳልጨርስ ባጃጅ መጣ። ጣሪያው ላይ ፍራሽ፤ ውስጡ አማቴ፤ ከኋላቸው ተካ፣ እንደ ተጨማሪ ዕቃ።

«ፍራሹን ላደርስ ነው እንጂ ልቀመጥ አልመጣሁም» አሉ ገና ሳይወርዱ። ከዚያ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ በር አልባውን ክፍል፣ ግመሉን ሳይቀር ገላምጠው አዴ ዳርሚ ላይ አፈጠጡ። «ለእርጉዝ ይህን ጎጆ የሚሸጥ ምን ዓይነት ሰው ነው? በያት!»

አስተርጓሚዋ እንግዲህ እኔ ነኝ። «ቤትዎ ያምራል ይላሉ» አልኩ በኦሮምኛ።

አዴ ዳርሚ የአማቴን ፊት አዩና ሳቁ። «ፊቷ እንዲያ አይልም» አሉኝ በአማርኛ። ቀጥለው ወደ አማቴ ዞረው፣ ቃል እየፈለጉ፣ በዝግታ፦ «እኔ ልጆቼን ሁሉ እዚህ ነው ወለድኩ። ባሌ እዚህ ነው ሞተ። ብዙ ሰው ልግዛ ብሎ መጣ። ቤቱን የሸጥኩት ለሷ ነው። ባዶ እንዳይሆን።» በመዳፋቸው ሆዴን ነክተው «ሆሪ፣ ቡሊ» አሉ፤ ርቢ፣ ኑሪ ማለት ነው። ጓዛቸውን አንስተው ሲወጡ ዞረው ቤቱን አላዩትም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

አማቴ በአውራ ጣታቸው ግድግዳውን ጫን አድርገው፣ የተፈረፈረውን አይተው፣ «ጭድ ያንሰዋል» አሉ።

በነጋታው አልሄዱም። ጭድ ሊያስገዙ ነው። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጭቃ ረገጡ፤ የሰፈሩ ሴቶች አይተው ተቀላቀሉ። እሳቸው ኦሮምኛ አይሰሙም፤ ሴቶቹ ጉራጌኛ አይሰሙም፤ አማርኛውንም ሁሉም በየራሱ መንገድ ነው የሚሰብረው። ጭቃ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። ተካ አናጢ ፈልጎ ለውስጠኛው ክፍል በጥድፊያ በር አስገጠመ። ልስኑ በቅጡ ሳይደርቅ ምጤ መጣ። ጤና ጣቢያ፣ ባልደረቦቼ እጅ ላይ፣ ሴት ልጅ ወለድኩና ወደ ቤቴ ገባሁ። ወደ ቤቴ። ይህን ቃል ባጃጁ ውስጥ ሦስት ጊዜ ብያለሁ፤ ሹፌሩ ራሴ ላይ የወጣ ትኩሳት መስሎት ነበር።

አንድ ቀን ልጄን ታቅፌ ተኝቼ፣ አማቴ ደጅ ሆነው በስልክ ሲጮሁ ሰማሁ። ከአገር ቤት ዘመድ ነው የደወለው፤ ምራትሽን ይዘሽ መቼ ትመጫለሽ ነው ነገሩ። ኔትዎርኩ ስለሚቆራረጥ ሰፈሩ በሙሉ እየሰማ ነው።

«ማንን? ... እሷን? ... ቤት ያላት ሴት ቤቷን ጥላ የት ትመጣለች! ይልቅ እናንተ ኑና እዩ!»

ይህን ለእኔ አንድም ቀን ብለውኝ አያውቁም፤ እስከዛሬም። ሲገቡ የተኛሁ መሰልኩ። ልጅቷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ አዲሱን በር ገፋ መለስ አደረጉና ለራሳቸው አጉረመረሙ።

«ይሄ በር ተገልብጦ ነው የተገጠመው።»

እውነታቸውን ነው፤ ተገልብጧል። ግን ይዘጋል።