የእድራችን ጥሩምባና የናዝሬት ነፋስ

የናዝሬት ነፋስ ባለጌ ነው። ስትወጡ ባርኔጣችሁን ይቀማል፣ ስትመለሱ አቧራውን ዓይናችሁ ውስጥ ይሞጅራል። የእኛ ሰፈር ሰው ግን አይሰድበውም። እንዲያውም ከቤት ከመውጣቱ በፊት ከየት በኩል እንደሚነፍስ ያያል። ምን ነካችሁ ትሉ ይሆናል። ምክንያት አለን።

በደርግ ጊዜ ነው። ሰፈራችን መሃል አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። የጥጥ እርሻ ላይ የሚረጭ የተባይ መድኃኒት በበርሜል በበርሜል ይገባበታል። ምን ዓይነት መድኃኒት? ቢፈስስ ምን ይደረጋል? ቀበሌ ሄደን ብንጠይቅ “የሚመለከተው ክፍል ያውቀዋል” ተባልን። የሚሸተው ለእኛ፣ የሚመለከተው ሌላውን። በዚያ ዘመን ደግሞ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መጠየቅ ለጤና ጥሩ አልነበረም።

ከመጋዘኑ ጋር አጥር የሚጋሩት እማማ ደስታ ናቸው። እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። ዶሮዎቻቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ አለቁ። “ቀጥሎ ተራው የእኔ ነው” አሉ። ይህ ቃል እድራችን ዘንድ ደረሰ።

እድር ደግሞ ቀበሌ አይደለም። የመጋዘኑ ኃላፊ ደምሴ የእድራችን አባል ነው። እሑድ ስብሰባ ላይ የእድሩ ዳኛ አስነሱትና፣ “ደምሴ፣ የመንግሥት ምስጢር አውጣ አላልንህም። ግን አንተን የምንቀብርህ እኛ ነን። እኛን ምን እንደሚቀብረን ብትነግረን ምን አለበት?” አሉት። ቢናገር እስር ቤት አለ፣ ባይናገር ቀባሪ የለም። የእኛ ሰው ከሁለቱ የቱን ይፈራል? በሚቀጥለው እሑድ ወረቀት ይዞ መጥቶ አንድ በአንድ አነበበልን። ከፈሰሰ እንዳትጠጉት፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል ሽሹ አለን። ያ ሁሉ ሰው ሰምቶት አንድም አፍ ወሬውን አላሾለከበትም። እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ።

ነፋሱ አዘውትሮ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ በኩል ስለሚመጣ መሰብሰቢያችን ሜዳው ሆነ። ጥሩምባ ነፊያችን ጋሽ ቱሉ አፈር ወደ ላይ በትነው ነፋሱን ያዩና ያውጃሉ። ይህ ተባለና ልምምድ አደረግን። ጋሽ ቱሉ ጥሩምባቸውን ነፍተው “መጋዘኑ ፈሷል” ሲሉ ሰፈሩ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወደ መጋዘኑ ጎረፈ። ወንዱ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ፣ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ። ጥሩምባ ሲነፋ ሐዘን ወዳለበት ይኬዳል እንጂ ይሸሻል እንዴ? ደምሴ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ጋሽ ቱሉ ግን “ተዉት፣ እኔ አውቃለሁ” አሉ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ጠዋት በርሜሎቹ ተደርምሰው ፈሰሱ። ሽታው ጉሮሮ ያንቃል። ጋሽ ቱሉ አፈር በተኑ፣ ጋሪ ላይ ወጡ፣ ጥሩምባውን ነፉ። “ቱሉ ሞቷል። ለቅሶው ትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው። ቶሎ በሉ፣ ዳፋ፣ ዳፋ” አሉ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። የሚጣራው ሟቹ ራሱ መሆኑን ልብ ያለ የለም።

ሰፈሩ ሜዳው ላይ ድንኳን ተክሎ ማልቀስ ጀመረ። እንደ ደንቡ ስም ሲጠራ እማማ ደስታ የሉም። አራት ጎረምሶች ፊታቸውን በእርጥብ ነጠላ ሸፍነው የእድሩን ቃሬዛ ይዘው ሮጡ። እማማ ደስታ “በቁሜ አልወጣበትም” ብለው ነበር አሉ። የቱሉ ለቅሶ ነው ሲሏቸው “እንግዲያማ አይቀርም” ብለው ወጡ። ቃሬዛችን ነፍስ ያለው ሰው ሲሸከም ያ የመጀመሪያው ነው።

ጋሽ ቱሉ ለገዛ ለቅሷቸው በጋሪ ሲደርሱ እማማ ደስታ “ውሸታም” አሏቸውና አቅፈው አለቀሱ። የመንግሥት ሰዎች መጥተው “መሸሻውን ማን ነገራችሁ?” ሲሉን “ለቅሶ ነው የመጣነው” አልን። ደምሴም ተረፈ፣ ሰፈሩም አንድ ሰው አልጎደለበትም።

ከዓመታት በኋላ ጋሽ ቱሉ የእውነት ሞቱ። አዲሱ ጥሩምባ ነፊ “ለቅሶው እቤታቸው ነው” እያለ ዞረ። እቤታቸው ማንም አልሄደም። ሁላችንም አፈር በትነን፣ ነፋሱን አይተን፣ እማማ ደስታን በቃሬዛ ይዘን ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። ጋሽ ቱሉ በጋሪ እስኪመጡ ድረስ ቆመን ጠበቅናቸው።