የአቶ ደበላ የአሜሪካ ገንቦ

የሸክላ ፍቅር የያዘው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በጣሊያን ጊዜ ቀራንዮ ጎረቤቴ የነበሩትን አቶ ደበላን አይቻለሁ። ጦርነቱ ሲመጣ አገራቸው የተመለሱ አሜሪካኖች ሚስዮናውያን ትተውት የሄዱትን፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ የሚያብረቀርቅ ገንቦ ሁሉ እየለቀሙ ይደረድሩ ነበር። ውሃ ይቀዳበታል? እንዴት ተደርጎ! እንግዳ እንኳ ከሩቅ ነው የሚያየው።

አንድ ቀን ጣሊያኖች መሣሪያ ሊፈትሹ መጡ ተባለ። ጠመንጃ የተገኘበት ይሰቀላልና ሰፈሩ ሁሉ ጠመንጃውን ቀበረ። አቶ ደበላ ገንቦዎቻቸውን ቀበሩ። ወታደሮቹ አዲሱን አፈር አይተው በደስታ ቢቆፍሩ ገንቦ ወጣ። ተናደው ትልቁን በሰደፍ ሰበሩት። ሰውየው የእናታቸውን መርዶ የሰሙ ይመስል መሬት ላይ ሲንከባለሉ፣ ጣሊያኖቹ እብድ ነው ብለው ቤቱን ሳይፈትሹ ሄዱ።

«ተመስገን! ከበሩ ኋላ ያለው ጠመንጃ ተረፈልን» አሉ ባለቤታቸው።

አቶ ደበላ ስባሪውን እንዳቀፉ፣ «ምነው እሱን ወስደው ይህን በተዉልኝ!»