ደረጃ የሌላት መዳብ

በየቤተሰቡ አንድ ደረጃ ሰጪ አለ። ማንም አልሾመውም፣ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱ ግን ሾርባውንም ሙሽራዋንም የጎረቤቱን አጥርም እኩል እየመዘነ ነጥብ ሲሰጥ ይኖራል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተሰብ ካለ አድራሻውን ላኩልኝ፤ ነገውኑ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ።

በእኛ ቤት ይህን ሥልጣን የያዙት አማቴ፣ የባለቤቴ አባት ናቸው። ክቡርነታቸው የድሮ የመዳብ ሳንቲም ይሰበስባሉ። «ይሰበስባሉ» ማለቴን ቢሰሙ ራሱ ይቆጣሉ። «መሰብሰብማ ቆሻሻ የሚጭነውም ይሰበስባል፤ እኔ እለያለሁ» ነው የሚሉት።

እንዴት እንደሚለዩ ልንገራችሁ፤ ሳልወድ በግዴ ተምሬዋለሁ። ደረጃው ከአንድ እስከ ሰባ ነው። አንድ ማለት ምን እንደነበረ በጭንቅ የሚታወቅ የመዳብ ቁራጭ ነው። ሰባ ማለት ከማተሚያው እንደወጣ የቀረ፣ በአጉሊ መነጽር እንኳ እንከን የማይገኝበት ነው። በመካከል ያለውን የሚወስነው የመፋቁ መጠን ነው። ሳንቲም ላይ የተቀረጸ ፊት መጀመሪያ የሚያልቀው ከፍ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስለሆነ፣ አማቴም ጉንጩንና ከጆሮው በላይ ያለውን ጸጉር አስቀድመው ያያሉ። መዳብ ሲሆን ደግሞ ቀለሙ ለብቻው ይመረመራል፦ አዲሱ ቀይ፣ ከዚያ ቀይ ቡናማ፣ ዕድሜ ሲጠግብ ቡናማ። ቡናማ መሆን ነውር አይደለም። ነውሩ መታጠብ ነው። ታሽቶ የተወለወለ መዳብ የቱንም ያህል ቢያብለጨልጭ ከደረጃ ውጭ ይሆናል፤ ቁጥር አይሰጠውም። ይግባኝ የለም።

በባዶ እጅ መንካትም ክልክል ነው፤ የጣት ላብ መዳብ ላይ ምልክት ጥሎ ይቀራል። ስለዚህ አማቴ የጥጥ ጓንት ያጠልቃሉ፣ ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ ይይዛሉ፣ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። አንድ ጊዜ ከጎናቸው ያስነጠሰ እንግዳ ዳግመኛ ተጋብዞ አያውቅም። ከመደርደሪያቸው ላይ አንዲት ቦታ ባዶ ናት፤ ዕድሜ ልካቸውን ለሚፈልጓት ሳንቲም የተተወች።

ነገሩ በሳንቲም ቢያበቃ ምን ገዶኝ! ጎረቤታቸው በሯን አዲስ ቀለም አስቀብታ ብታሳያቸው፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው «ከሩቅ ያምራል» አሏት። ይህች የዘወትር ፍርዳቸው ናት።

«እንግዲያው ጋሼ፣ ከሩቅ ይዩት!» ብላ በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋችው። ዘላለም ትኑርልኝ።

ሐኪም የዓይን ሞራ አንሥቶላቸው፣ ፋሻውን ፈትቶ በጉጉት «አባት፣ ይታይዎታል?» ሲላቸው ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «በደንብ ይታየኛል፤ ኮትህ ክርኑ ላይ አልቋል።»

እኔንም አልማሩኝም። ልጃቸውን ለማግባት ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት መስኮቱ ዘንድ አቁመው «ወደ ብርሃኑ ዙር» አሉኝ። እንደ ሞኝ ዞርኩላቸው። «መካከለኛ ነው» አሉ፣ እኔ እዚያው ቆሜ ለባለቤታቸው። «ጠርዙ ተመትቷል። ቀለሙ ግን የራሱ ነው።» መካከለኛ! ለመሆኑ እሳቸውን ማን መዝኗቸው ያውቃል?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የባለቤቴ ነገር ነው። አንድ ልጃቸው ናት። ከክፍሏ አንደኛ ስትወጣ «ደህና»፤ የራሷን የልብስ ስፌት ቤት ስትከፍት «ደህና»፤ የልጅ ልጅ ስታሳያቸው፣ ሕፃኑን ወደ መብራቱ አዙረው፣ «ደህና»። ጸጉሯ ሽበት እያወጣ እንኳ ከአባቷ አንዲት የተሻለች ቃል ስትጠብቅ አያታለሁ። የሳንቲም ወሬ ሲጀመር ግን ተነሥታ ትወጣለች፤ ከልጅነቷ የያዘችው ልማድ ነው። ጉድ ያፈላውም ይኸው ልማዷ ነው።

አማቴ ሰባ ዓመት በሞላቸው ቀን በቤታቸው ተሰበሰብን። ሁለት የሳንቲም ወዳጆቻቸውም መጥተው ነበር፤ አንዱ ጡረታ የወጣ ፋርማሲስት፣ ሌላው የጥርስ ሐኪም።

«እንግዲህ ሰባ ገቡ፤ እንከን የለሽ ሆኑ ማለት ነው!» አላቸው ፋርማሲስቱ።

«ዕድሜዬ ነው ሰባ የገባው። እኔማ ጉንጬ ሁሉ አልቋል» አሉ።

ባለቤቴ ከእኔም ደብቃት የቆየችውን ትንሽ ሣጥን ሰጠቻቸው። ሲከፍቷት አንዲት ሳንቲም ቦግ አለች። ፋርማሲስቱ ምራቁን ዋጠ። የጥርስ ሐኪሙ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ነፍሷን ይማርና፣ ከእማማ የስፌት መኪና መሳቢያ፣ ከልብስ ቁልፎቿ መካከል ነው ያገኘኋት» አለች ባለቤቴ፣ ፊቷ ከሳንቲሟ በላይ እየበራ። «ጠቁራ ነበር። በሎሚና በጨው አሽቼ ስንት መከራ አይቼ ነው ያጸዳኋት። ሲፈልጓት የኖሩት እሷ አይደለችም፣ አባባ?»

ጓንታቸውን አጠለቁ። ወደ መብራቱ አዞሯት። እኔ በልቤ «ዛሬ እንኳ ይዋሹ፤ አንድ ቀን ቢዋሹ ሰማይ አይደፋም» እያልኩ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ።

«እሷ ናት» አሉ።

ባለቤቴ እጆቿን አጨበጨበች።

«ታጥባለች» አሉ ቀጥለው። «ደረጃ የላትም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቁጥር አይሰጣትም ማለት ነው፣ ልጄ።»

ባለቤቴ ኬኩን ልቁረጥ ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። ቢላዋው ሳህኑን ሲመታው የተሰማው ድምፅ ኬክ የሚቆረጥበት አልነበረም። እኔ ደሜ ፈላ። እንግዶቹ እስኪሄዱ በመከራ ታግሼ አማቴን ኮሪደር ላይ ያዝኳቸው።

«አባባ፣ ግሩም ናት ቢሉ ምን ይጎድልብዎት ነበር?»

«ግሩም አይደለቻ።»

«ልጅዎ እኮ ናት!»

«የመዘንኩት ሳንቲሟን ነው» አሉና ጓንታቸውን አጣጥፈው ሄዱ።

ይህን ጽሑፍ ልጽፍባቸው የማልኩት ያን ዕለት ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተጨማሪ ማስረጃ ልሰበስብ ከባለቤቴ ጋር ሄድኩ። የሳንቲሞቻቸው መደርደሪያ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። ስትፈለግ ለኖረችው ሳንቲም የተተወው ቦታ አሁንም ባዶ ነው። ይቅር ይበለኝና እኔ ደስ አለኝ፤ ከዚህ የባሰ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ባለቤቴ ግን ባዶውን ቦታ ስታይ ቆየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻቸው።

«ጣሏት እንዴ፣ አባባ?»

አማቴ እጃቸውን የሹራባቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። የቤት ቁልፍ ወጣ፣ መሐረብ ወጣ፣ ቀጥሎ ሳንቲሟ ወጣች። ጓንት የለም። በጠርዝ መያዝ የለም። አውራ ጣታቸው የተቀረጸው ፊት ጉንጭ ላይ ተጋድሟል፤ ሲያሻሿት ሰንብተው ኖሮ እዚያ ቦታ ላይ ቡናማ መሆን ጀምራለች።

«ከቁልፍ ጋር!» ብዬ ጮህኩ፤ ሳላውቀው የእሳቸው ደቀ መዝሙር ሆኛለሁ። «ትቧጨራለች እኮ!»

«ትቧጨር» አሉኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ደረጃ ቢኖራት ኖሮ እዚያ ነበር የምትገባው» አሉ መደርደሪያውን በአገጫቸው እያመለከቱ። «ይህን ሁሉ ዘመን ከእነዚያ አንዱን እንኳ በጣቴ ነክቼው አላውቅም። ይቺን እናትሽ በእጇ ይዛታለች፣ አንቺ በእጅሽ አጥበሻታል። እኔ በጓንት ልያዛት?»

ባለቤቴ ሳንቲሟን ከእጃቸው ወስዳ መስኮቱ ዘንድ ሄደች፤ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት፣ ልክ እንደ እሳቸው አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

«ከሩቅ ታምራለች» አለች።

«ከቅርብም» አሉ አማቴ።

እኚህ ሰው ከዚህ የበለጠ ማዕረግ ለማንም ሰጥተው አያውቁም። ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ቀረች፤ እኔም የሰበሰብኩትን ማስረጃ የት እንደማደርገው ጨነቀኝ።

ስንወጣ እስከ በሩ ሸኙን። «መካከለኛ» ያሉኝን እንዲያሻሽሉልኝ ዛሬ ካልጠየቅኳቸው መቼም አልጠይቅም ብዬ አፌን ስከፍት፣ «ኮሌታህ ተፍቋል» አሉኝና፣ በዚያው በባዶ እጃቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።